የሮቢት ውሃ ባህር የገባ ዕለት

ደምመላሽ ባህር አይቶ አያውቅም። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ባህር ያየ ሰው ቢፈለግ ከከባድ መኪና ሾፌሮች በቀር ብዙም አይገኝም፤ እነሱም ቢሆኑ ጅቡቲን የሚያስታውሷት በወበቋና በወደቧ ወረፋ ነው። ሆኖም ደምመላሽ በስልሳ ሦስት ዓመቱ ስለ ባህር ሦስት ቀን ሠለጠነ፣ የምስክር ወረቀት ተቀበለ፣ ፎቶ ተነሣ፣ በመጨረሻም ስለ ባህር በተናገራት በአንዲት ቃል ምክንያት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይዞት የኖረውን ነገር አጣ። ያጣው መሬት ወይም በሬ ቢሆን ኖሮ ወሬው ጀውሃ ሳይደርስ በቀረ ነበር።

ደምመላሽ የውሃ አባት ነበር። የውሃ አባት ሲባል ትልቅ ሹመት ይመስላል እንጂ ደመወዝም ማኅተምም የለውም። ከሮቢ ወንዝ ተጠልፎ የሚወጣ አንድ ቦይ አለ፤ ከቦዩ የሚያጠጡ ሰባ ሁለት አባወራዎች አሉ፤ ሁሉም ሽንኩርት፣ ማሾና ማንጎ ያለማሉ፤ ሁሉም ውሃው በአንድ ቀን እንዲደርሳቸው ይፈልጋሉ። የውሃ አባት ተራ ያስይዛል፣ ራስጌ ያለው ከሰዓቱ በላይ ሲያጠጣ ያስቆማል፣ ግርጌ ያለው «ውሃዬ የት ገባ?» ብሎ ሲጮህ ደግሞ መልስ ይሰጣል።

ችግር ያለው ይህችው ጥያቄ ላይ ነው። ሽንኩርት ራስ መቋጠር በሚጀምርበት ሰሞን ውሃ የጠፋበት ሰው ወንድሙን ሳይቀር ይጠረጥራል፤ ሲመጣም ባዶ እጁን አይመጣም፣ አካፋ ይዞ ነው። ስለዚህ ከጥንት የተያዘ ደንብ አለ። ማንም ሰው፣ ቄስም ሆነ ሼህ፣ ጎረቤቱን በውሃ ሌብነት ሲከስ ሁለት የዓይን ምስክር ማቅረብ አለበት። የውሃ አባት ብቻ ምስክር አይጠየቅም። ቦዩን ተከትሎ ሄዶ ያየውን ይናገራል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ለዚህም ሲባል በተመረጠ ዕለት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በተሰበሰበበት ከጠለፋው አፍ ላይ ቆሞ፣ በእፍኙ ውሃ ዘግኖ፣ «ስለ ውሃ ብዋሽ ቃሌ እንዲህ ፈሶ ይቅር» ብሎ ያፈስሰዋል።

ደምመላሽ ይህን መሐላ የምሩን የያዘ ሰው ነበር፤ ምናልባትም ከሚገባው በላይ። አንድ ጊዜ የሚስቱ የዓይናለም ወንድም ያለ ተራው ሲያጠጣ አግኝቶት በጉባኤ ፊት ተናገረበት፣ አስቀጣውም። ዓይናለም በዚያ ዓመት ፋሲካን አኩርፋ ዋለች፤ ዶሮውን ሠርታ፣ አቅርባ፣ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ አብራው በላች። ሌላ ጊዜ ደግሞ እንቅልፍ ጥሎት የራሱ ማሳ ከሰዓቱ በላይ ስለ ጠጣ፣ ማንም ሳይጠይቀው ቆሞ ራሱን ከሰሰ። ተሰማ የሚባለው፣ ከራስጌ ማንጎ ያለው፣ ሰው ማድነቅ የማይወድ ገበሬ እንኳ ያን ቀን «ይህ ሰውዬ ጤና የለውም» ብሎ አድንቆታል።

የዚህ ቦይ ጠላት ድሮ ደለል ነበር። ደለል ጨዋ ጠላት ነው፤ አካፋ ሲያይ ይነሣል። በኋላ ግን ከተማው አደገ ተባለ። ከተማ ሲያድግ ቆሻሻውም አብሮ ያድጋል፤ የማያድገው ቆሻሻውን የሚያነሣው ሰው ቁጥር ነው። የገበያ ቀን ፌስታል፣ የሠርግ ቤት ሃይላንድ፣ የብስኩት ላስቲክ፣ ያለቀ ነጠላ ጫማ፣ ሁሉም ወንዝ ዳር ይጣላል፣ ዝናብ ሲመጣ ወንዙ ጠርጎት ይሄዳል። ከተሜውም ተገላገልኩ ይላል። ከተሜው ተገላገለ ማለት ደምመላሽ ቦይ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ቦዩ መንገድ አጋማሽ ላይ ከአስፋልቱ ሥር በቱቦ ያልፋል። ላስቲኩም እዚያ ሲደርስ ይቆማል። ፌስታል ከፌስታል ይያያዛል፣ ሃይላንድ በላዩ ይደረደራል፣ ጭቃ ይለስነዋል፤ ግንበኛ ተቀጥሮ ቢሠራው እንዲህ አያምርም። ከአስፋልቱ ወዲህ ያለው ያጠጣል፣ ወዲያ ያለው ሰማይ ሰማይ ያያል። ያን ጊዜ ደምመላሽ መንሹን ይዞ፣ በዚያ ዕድሜው፣ በደረቱ እየተሳበ ቱቦው ውስጥ ገብቶ ሲጎትት ይውላል። ከሚያወጣው መካከል የዓረብኛ ጽሑፍ ያለበት ሃይላንድ አይጠፋም። ሾፌሮቹ ጅቡቲ ገዝተው፣ በረሃውን ሙሉ እየጠጡ መጥተው፣ ሮቢት ሲደርሱ በመስኮት የሚወረውሩት ነው። ሮቢት ወደ ባህር የላከችው ነገር ኖሮ አያውቅም፤ ባህር ግን ሮቢትን ረስቷት አያውቅም ነበር።

ከአስፋልቱ ወዲያ፣ ከሁሉም ግርጌ ያለችው ነዒማ ናት። ባሏ ከሞተ አራት ዓመቷ ነው፤ ሁለት ሴት ልጆችና አንድ ጥማድ መሬት ትቶላታል። አንድ ዓመት ቱቦው ተዘግቶ፣ ደምመላሽም ወገቡን ታምሞ ተኝቶ፣ ዘጠኝ ቀን ውሃ ሳያገኛት ቀረ፤ ሽንኩርቷ ነጭ ሽንኩርት አክሎ ተነቀለ። ሌላ ሰው ቢሆን አካፋ ይዞ ይመጣ ነበር። ነዒማ ከበሩ ላይ ቆማ፣ «ጋሼ ደምመላሽ፣ ውሃዬ የት ገባ?» ብላ ጠየቀችው።

«ቱቦው ላይ ቆሟል፣ ልጄ። ፌስታል ነው።»

«እሺ። አላህ ያመጣው ነው» ብላ ተመለሰች።

ደምመላሽ ያን ቀን እህል አልቀመሰም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። አላህ ፌስታል እንደማያመጣ እሱም እሷም ያውቃሉ።

በዚህ ሰሞን ነው ሰርክአዲስ ስለ ሥልጠናው የነገረችው። ሰርክአዲስ የወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ናት፤ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣች፣ የሮቢትን ሙቀት እንደ ግል ባላንጣዋ የምታይ፣ ልቧ ግን ቅን የሆነ ወጣት። «ከአዲስ አበባ ፕሮጀክት መጥቷል ጋሼ፣ ስለ ፕላስቲክ ነው። የቱቦውን ነገር እዚያ ያንሡት» አለችው። የፕሮጀክቱ ስም «ንጹሕ ወንዝ ለንጹሕ ውቅያኖስ» ነበር።

አርባ ሰው በአንድ ሆቴል አዳራሽ ተሰበሰበ። አስተባባሪው ዮናስ ይባላል። ደምመላሽ ይህን ሲሰማ ስለ ባህር ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ስም እንደማይገኝ አሰበ፤ ዓሣ አንበሪ ሆድ ውስጥ ሦስት ቀን አድሮ ከወጣ ሰው በላይ ባህርን ማን ያውቀዋል? ዮናስ ግን ደርባባ፣ ጫማው የሚያበራ፣ ውሃ ነክቶት የሚያውቅ የማይመስል ሰው ነበር።

ሥልጠናው ደምመላሽ ከጠበቀው በላይ ልብ የሚነካ ሆነ። ግድግዳው ላይ አንዲት የባህር ኤሊ ታየች። ባህር ውስጥ እንደ እርጎ የሚንቀጠቀጥ፣ አጥንት የሌለው ፍጥረት አለ አሉ፤ የኤሊዋ ምግብ እሱ ነው። ፌስታል ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ እሱን ይመስላታል። ትውጠዋለች፣ ሆዷ ይሞላል፣ ጠገብኩ እያለች በረሃብ ትሞታለች። ቀጥሎ አንዲት ወፍ መጣች፤ ለጫጩቶቿ የሃይላንድ ክዳን እየለቀመች ታጎርሳለች። ቀጥሎ ደግሞ ዮናስ ላስቲክ እንደማይበሰብስ፣ እየደቀቀ ሄዶ እንደ ዱቄት እንደሚሆን፣ ዱቄቱን ዓሣው፣ ዓሣውን ሰው እንደሚበላው አስረዳ። ደምመላሽ አዘነ። ለማስመሰል አይደለም፣ ከልቡ ነው ያዘነው። ሆድ ሞልቶ መራብ ምን እንደሆነ ቱቦውን ያየ ሰው ይገባዋል።

ስለዚህ እጁን አወጣ። «እኛም ዘንድ ይበላሉ እኮ» አለ። «አምና ወደ አሊዩ አምባ ገበያ ስትነዳ የወደቀች ግመል ሲያርዷት እዚያው ነበርኩ። ከሆዷ የወጣው ፌስታል ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ የልጅ ጭንቅላት ያክላል። ላሙም ፍየሉም እንደዚሁ ነው። ግመሏን ከኤሊዋ ጎን ብታደርጓትስ?»

ዮናስ በትሕትና ፈገግ አለ። «በጣም ጥሩ ነጥብ ነው ጋሼ። ግን ፕሮጀክታችን የሚያተኩረው የውቅያኖስ ሕይወት ላይ ነው። ግመል ደግሞ...»

«ዋና አትችልም» አለ ደምመላሽ፣ ተቀመጠም።

ለአንድ ሠልጣኝ በቀን ሦስት የታሸገ ውሃ ይታደል ነበር። እንዳይቀያየር ሁሉም ስሙን በማርከር እንዲጽፍበት ተነገረ። ሥልጠናው ባለቀ በስምንተኛው ቀን የበልግ ዝናብ ጣለ። ደምመላሽ እንደ ልማዱ በደረቱ ተስቦ ቱቦው ውስጥ ሲገባ፣ ከጭቃው መካከል «ደምመላሽ» የሚል ሃይላንድ አፍንጫው ድረስ መጣበት። «ዮናስ» የሚለው ከጎኑ ነበር።

ይሁንና ሥልጠናው ፍሬ አልነበረውም ማለት ግፍ ነው። ዮናስ ቱቦውን መጥቶ አየ፣ ለካ፣ ፎቶ አነሣ፤ ከቱቦው አፍ ላይ የብረት ፍርግርግ እንሠራለን አለ። ላስቲኩ ፍርግርጉ ላይ ይቀራል፣ ውሃው ያልፋል፣ ደምመላሽም በደረቱ መሳቡ ይቀርለታል። ነዒማ እንደ ሰው ሽንኩርት ታመርታለች። የሚቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ገንዘቡን የሚሰጡት ሰዎች መጥተው ማየት፣ ከአገሬው ሰው አፍም መስማት።

«ውሃው መጨረሻው የት ይገባል ብለው ይጠይቁዎታል» አለ ዮናስ። «ባህር ይበሉ። ሌላ ምንም አያስፈልግም።»

ደምመላሽ ቀልድ መስሎት ሳቀ። «ሮቢ የሚገባው አዋሽ ነው፤ አዋሽ እኮ ባህር አይገባም።»

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘውም። በወጣትነቱ አሳይታ ጥጥ እርሻ ላይ ሁለት ዓመት ሠርቷል፤ አንድ ጊዜም ከአፋሮች ጋር እስከ አቤ ሐይቅ ድረስ ወርዷል። ከሮቢ፣ ከጀውሃ፣ ከስንቱ ወንዝ የተጠራቀመው ያ ሁሉ ውሃ ጨዋማ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ፣ ፀሐይ እየመጠጠችው በዚያው ሲያልቅ በዓይኑ አይቷል። ለውሃ ሰው የሚያሳዝን ነገር ነው። ባህሩ ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ አዋሽ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ መጥቶ፣ ትንሽ ሲቀረው ይቀራል።

«እናውቃለን ጋሼ» አለ ዮናስ። «ግን ቅጹ የሚለው ‹ወንዙ የሚገባበት ባህር› ነው። ‹አይገባም› የሚል ሳጥን የለውም።»

«እንግዲያው ለምን ከጣርማ በር ማዶ አልሄዳችሁም? ከተራራው የመኪና ዋሻ ወዲያ የወደቀ ዝናብ በዓባይ አድርጎ ግብፅ ይወርዳል፣ ከዚያ ባህር ነው። ወዲህ የወደቀው ነው አፋር ላይ የሚቀረው።»

ዮናስ ትንሽ አፈረ። «አስበንበት ነበር። ማዶ ግን ብርዱ አይጣል ነው፤ ለስብሰባ አይመችም።»

ሰርክአዲስ መሬት መሬት ታያለች። ቅጹን የሞላችው እሷ ናት። «ጋሼ፣ እርስዎ እንደመሰለዎት። ማንም አያስገድድዎትም» አለች። ይህ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነበር፤ ቢያስገድዱት እምቢ ማለት ይቀለው ነበር።

ቤቱ ገብቶ ምሳ ላይ ነገሩን ለዓይናለም አጫወታት። ዓይናለም ጉርሻዋን ከአፏ ሳታደርስ መለሰችው። «ለወንድሜ ያልዋሸኸውን ለነዒማ ልትዋሽ ነው?»

«የማልኩት ስለ ቦዩ ውሃ ነው» አለ ደምመላሽ። «ስለ ባህር አይደለም።»

«ወንድሜም ይህን ሰበብ ቢያውቀው ኖሮ ይጠቅመው ነበር» አለች ዓይናለም፣ መብላቷንም ቀጠለች።

እንግዶቹ የመጡት በጥቅምት፣ የነዒማ ችግኝ በተተከለ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ቱቦው ተዘግቷል። ለፎቶ ጥሩ ነው ብሎ ዮናስ እንዳይጸዳ ስለ ለመነ፣ አምስት ቀን እንደ ተዘጋ ሰንብቷል፤ ከአስፋልቱ ወዲያ ችግኙ አንገቱን ደፍቷል። የቦዩ ሰው ሁሉ ወጥቶ ቆሟል። ጉባኤውን የሚመሩት ሽማግሌ ሼህ ዩኑስ ከፊት፣ ተሰማ እጁን አጣምሮ ከመሐል፣ ነዒማ ከሁሉም ኋላ ናቸው። ካሜራ የያዘችው ሴትዮ ደምመላሽን ከቱቦው አጠገብ አቆመችው፤ ዮናስም ጥያቄዋን ተረጎመለት።

«ይህ ውሃ መጨረሻው የት ይገባል?»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህችን ጥያቄ ሲጠየቅ አንድ ቀን እንኳ አስቦ አያውቅም። ያዩትን ለመናገር ምን ማሰብ ያስፈልጋል? አሁን ግን አሰበ። ላስቲኩ አቤ ሐይቅ ይደርሳል፣ እዚያም የሚሞት ነገር አይጠፋም፤ አቤ ሐይቅ ግን ፕሮጀክት የለውም። ግመሏ ፕሮጀክት የላትም። ነዒማም የላትም። ዞር ብሎ አያት። እሷ ችግኟን ታያለች።

«ባህር» አለ።

ዮናስ ትንፋሹን ለቀቀ። ከኋላ አንድ ሰው ሳል ያዘው። ሼህ ዩኑስ ቀስ ብለው «አስተግፊሩላህ» አሉ። ተሰማ ሳቀ፣ ድምፅ ሳያሰማ ነው የሳቀው። እንዲህ ሆኖ ሮቢ ወንዝ ከተፈጠረ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ባህር ገባ።

ፍርግርጉ በታኅሣሥ ተተከለ። እውነቱን እንናገር፣ ግሩም ሥራ ነበር። በሳምንት አሥር ጆንያ ላስቲክ ይያዝበታል፣ ውሃው ጥርት ብሎ ያልፋል። ነዒማ ከተራዋ አንዲት ሰዓት ሳትጎድልባት የጥቅምቱን ሽንኩርት ነቅላ ሸጠች፣ ሁለተኛውንም ተከለች። ለአዲስ አበባ በተላከው ሪፖርት ላይ ውቅያኖስ ከስንት ኩንታል ፕላስቲክ እንደ ተረፈ ተጽፏል፤ ኤሊዎቹ ቢያነቡት ደስ ይላቸው ነበር። ጆንያዎቹ ወዴት እንደሚወሰዱ ግን በፕሮጀክቱ ውስጥ አልተጻፈም። ስለዚህ ለጊዜው ተብሎ ከአንድ አጥር ጀርባ፣ ከወንዙ ዳር ተከመሩ።

የደምመላሽ ፎቶም በትልቁ ታትሞ «የውቅያኖስ ጠባቂ» ተብሎ በአደባባይ ተሰቀለ። ሮቢት ቀልድ ካገኘች አትለቅም። ስሙ «ካፒቴን» ሆነ። የባጃጅ ሾፌሮች «ካፒቴን፣ ማዕበሉ እንዴት አድሯል?» እያሉ ያልፉታል። ዓይናለም ሳትቀር ጠዋት ሲወጣ «ዋና አትችልም፣ ተጠንቀቅ» ትለዋለች። እሱም አብሮ ይስቃል። ቀልዱ አልከፋውም። የከፋው ሌላ ነገር ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ «ውሃዬ የት ገባ?» ብሎ የጠየቀው አንድም ሰው አልነበረም። ሰዎች ውሃ ሲጠፋባቸው እሱን አልፈው፣ ደህና ዋልክ ብለው፣ ራሳቸው ቦዩን ተከትለው ይሄዱ ጀመር።

መጋቢት ገባ፣ ወንዙም ቀጠነ። የነዒማ ሽንኩርት ራስ መቋጠር ጀምሯል፤ ከዚህ በኋላ ሁለት ውሃ ቢያገኝ ይበቃዋል፣ አንዱ ቢቀርበት ግን አይነሣም። በተራዋ ቀን፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን፣ ውሃው ክር አክሎ መጣ። ደምመላሽ ፍርግርጉን አየ፣ ንጹሕ ነው። ቦዩን ወደ ላይ ተከትሎ ሄደ። ተሰማ የቦዩን ጠርዝ በአካፋ ከፍቶ ውሃውን ማንጎው ሥር ለቆታል፤ ራሱም ከጥላው ተቀምጦ በባርኔጣው እያናፈሰ ነው። ተያዩ።

«ደህና ዋልክ ካፒቴን» አለ ተሰማ። አልደነገጠም። ደምመላሽን ያስደነገጠው ይህ የእሱ አለመደንገጥ ነው።

በማግሥቱ ጉባኤ ተቀመጠ። ነዒማ ተነሥታ፣ ትናንት ተራዋ እንደ ነበር፣ ውሃውም እንዳልደረሳት ተናገረች። ደምመላሽ ቀጥሎ ቆመ። «ውሃው ተሰማ ማንጎ ገባ። በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። ድሮ ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ አልቆ፣ ተሰማ የራሱን ተራ ለነዒማ ለቅቆ፣ ሰው ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር።

ተሰማ ግን ተነሣ። «ሼሃችን፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ይህ ሰው ሁላችንም በቆምንበት፣ ካሜራ ፊት፣ የሮቢት ውሃ ባህር ይገባል ብሏል። ዛሬ ደግሞ ማንጎህ ገባ ይለኛል። የቱን ነው የምናምነው?»

ጥቂት ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

«ያ ሌላ ነው» አለ ደምመላሽ። ድምፁ ለራሱም ደስ አላለውም። «ለፍርግርጉ ብዬ ነው።»

«እንግዲህ ለብረት የዋሸህ ለሽንኩርት እንዳልዋሸህ በምን አውቃለሁ?»

ሼህ ዩኑስ ሁለቱንም ተራ በተራ አዩ። ተሰማ ሌባ መሆኑን ያውቃሉ፤ ደንቡንም ያውቃሉ። በመጨረሻ እንዲህ አሉ። «የውሃ አባት ስለ ውሃ ከዋሸ እንደ ማንኛችንም ነው፤ ቃሉ ከአንድ ምስክር አይበልጥም። ዋሽቷል አልዋሸም የሚለውን ግን ተከሳሽ አይወስንም። በእሱ ቃል ተሰማን የከሰሰችው ነዒማ ናት፣ እሷ ትናገር። ነዒማ፣ ያን ቀን ከሁላችን ኋላ ነበርሽ። የተናገረውን ሰምተሻል? ዋሽቷል ወይ?»

ሽማግሌው በር እየከፈቱላት ነው፤ ይህን ያልተረዳ ሰው አልነበረም። አልሰማሁም ብትል በቂ ነው። ደምመላሽ በሆዱ «ዋሺ፣ ልጄ» አላት። «አልሰማሁም በይ፣ አንዲት ቃል ናት።» አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰውን ከውሃ ውሸት ሲጠብቅ የኖረ ሰው፣ አንዲት ሴት እንድትዋሽለት እመቤታችንን በስሟ ጠርቶ ለመነ።

ነዒማ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች። «ሰምቻለሁ። ዋሽተዋል» አለች። «ለእኔ ብለው እንደሆነም አውቃለሁ፤ ፍርግርጉም ጠቅሞኛል፣ አላህ ይክፈላቸው። ግን ዋሽተዋል።»

«እሺ» አሉ ሼህ ዩኑስ። «አንቺስ ውሃው ተሰማ ማንጎ ሲገባ አይተሻል? አይተሽ ከሆነ ከደምመላሽ ጋር ሁለት ምስክር ይሞላል።»

የማንጎው ሥር ጭቃ ገና አልደረቀም። ሁሉም ሲመጣ አይቶታል፤ ተሰማ ግን ከራሴ ተራ የቀረ ነው ሊል ይችላል፣ ጭቃም ለጉባኤ አይመሰክርም። ነዒማ ውሃው የት እንደ ገባ ከማንም በላይ ታውቃለች። ልጆቿ የሚበሉት ከዚህች መልስ ላይ ነው።

«አላየሁም» አለች። «እኔ ማሳዬ ላይ ነበርኩ።»

ክሱ ተዘጋ። ደምመላሽ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም። ሲዋሽ እንኳ ይህን ያህል አላፈረም። ለእሷ ሲል የጣላትን እውነት እሷ ለራሷም ስትል አልጣለቻትም። ኩራትም ተሰምቶት ነበር፣ ግን በእሷ የመኩራት መብት የለውም።

ሼህ ዩኑስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ሌላ የውሃ አባት ያስፈልገናል። ምስክር ሳይጠራበት የሚታመን ሰው አምጡ።»

ምስክር ሳይጠራበት የሚታመን ሰው ሲባል ጉባኤው በሙሉ ጫማ ጫማውን ያይ ጀመር። አንዱ የአንዱን ቦይ ያውቃል። ደምመላሽ ከተቀመጠበት ሳይነሣ፣ «ምን ያስፈልጋል?» አለ። «አሁን ፊታችሁ ተናግራ ተቀመጠች እኮ።»

አንድ ሁለቱ አጉረመረሙ፤ ሴት የውሃ አባት ሆና አታውቅም ለማለት ነው። ተሰማ አፉን ከፈተ። ግን ምን ይበል? ሐሰተኛ ናት እንዳይል ነጻ ያወጣችው እሷ ናት። መልሶ ዘጋው።

«ነዒማ፣ ትቀበያለሽ?» አሉ ሼህ ዩኑስ። «ቀኑን ሙሉ ቦይ ለቦይ መዞር አለው። የቤት ሥራ፣ የእርሻ ሥራ ያስፈታል።»

ነዒማ ከአስፋልቱ ማዶ ወዳለው ማሳዋ ዞር ብላ አየች።

«እሺ» አለች። «ሽንኩርቴ ከደረቀ ምን ሥራ አለኝ?»